ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን፦ የግብርና ትምህርት ወደ ሴቶች ደጅ የመጣበት ረጅም መንገድ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ስለ ተዘዋዋሪ ብድሩ ስንነጋገር አንዲት አባላችን እጇን አወጣች። በቁጠባዋና በብድር የገዛቻት የፈረንጅ ዲቃላ ላም በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ግቷ አበጠ። ወተቷ እንደ እርጎ ተቋጠረ። ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ከአራቱ ጡቶቿ ሁለቱ ደርቀው ቀሩ። ብድሩ ግን አልደረቀም፤ በየወሩ ይከፈላል። «ላሟን ስገዛ ዋጋዋን የነገረኝ ብዙ ሰው ነበር። እንዲህ ነው የምትታለበው ብሎ ያሳየኝ ግን አንድም አልነበረም» አለች።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኛንስ ማን አስተማረን? ከእናቶቻችን አይተን ነው» አሏት። እሷም «እትዬ፣ የእናቶቻችን ላም እኮ የሐበሻ ላም ነበረች» ብላ መለሰችላቸው። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሱ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። የሐበሻ ላም የምትሰጠው አንድ ሁለት ሊትር ነው፤ ጥጃዋ አጠገቧ ሆኖ ይጠባል፤ ከእጃችን የተረፈውን እሱ አሟጦ ግቷን ባዶ ያደርገዋል። ዲቃላዋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትሰጣለች፤ ጥጃዋ ብዙ ጊዜ በባልዲ ነው የሚያድገው፤ ግቷን አሟጦ የሚያልብ ሰው ከሌለ ወተቱ እዚያው ይቀርና በሽታ ይጠራል። የእናቶቻችን እውቀት ስህተት አልነበረም፤ ለሌላ ላም የተሠራ እውቀት ነበር እንጂ።

ታዲያ ላሚቱ ስትለወጥ ትምህርቱንስ ማን መለወጥ ነበረበት? በአገራችን ይህን ሥራ የተሸከመው «የግብርና ኤክስቴንሽን» የሚባለው አገልግሎት ነው። ትርጉሙ በአጭሩ ማዳረስ ማለት ነው፤ በትምህርት ቤትና በምርምር ጣቢያ የተገኘውን እውቀት ወደ አራሹና ወደ አርቢው ማዳረስ። ይህ ጽሑፍ ያ አገልግሎት ከየት ተነስቶ፣ በማን ደጅ አልፎ፣ ወደ እኛ እስኪደርስ ለምን እንደ ዘገየ ይተርካል። የምጽፈው ታሪኩን ለማወቅ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ የምንወስነው ውሳኔ አለ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀራንዮ ገጠር ሳለች

ሰፈራችን ስሟን የወሰደችው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ አስኮ ሕንፃው ተያይዞ ስናይ፣ ይህ ሁሉ በታላላቆቻችን ዕድሜ እርሻና ግጦሽ እንደ ነበረ ማመን ያስቸግራል። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ግን ያስታውሱታል። ወተት በቅል ተይዞ፣ ኩበት በጀርባ ታዝሎ፣ ጎመን በቅርጫት ወደ ከተማ ይወርድ ነበር። የሚሸከመውም በአብዛኛው ሴት ነበረች።

ከተማው መሬቱን ወሰደው እንጂ ሥራውን ጨርሶ አልወሰደውም። ዛሬም ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የላም በረት አለ። በኮንዶሚኒየሙ ግርጌ ዶሮ ይረባል። በትንሹ አቃቂና በገባሮቹ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ ኑሯቸው ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የተያያዘ ነው። ግን «ገበሬ ነሽ ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ አብዛኞቹ «የቤት እመቤት ነኝ» ነው የሚሉት። የታሪኩ ትልቁ ችግር እዚች መልስ ላይ ተደብቆ ይገኛል።

«ደስታ» የተባለው መቅሠፍት

እውቀት በሌለበት ከብት ማርባት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አገራችን ያወቀችው በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። ሕዝቡ በሽታውን በስሙ ላለመጥራት ይሁን ለማባበል «ደስታ» አለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ ከመቶ ዘጠናው አልቋል የሚል ግምትም አለ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ድርቁና አንበጣው ሲጨመርበት እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ረኃብ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። አፄ ምኒልክ ሰው በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ ሲያበረታቱ እሳቸውም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል።

ከዚያ መከራ በኋላ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከመጀመሪያዎቹ መካከል የእርሻ ሚኒስቴር ነበረበት። የእርሻ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት የአዲስ አበባው ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤት መቋቋሙ ብቻውን ገበሬው ደጅ አያደርስም፤ ለብዙ ዓመታት በገጠር የሚያስተምር ሰው አልነበረም።

የ«ደስታ»ን መጨረሻ እዚሁ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለበትና። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ለብዙ ዓመታት ክትባት ቢሰጥም በሽታው ከአንዳንድ ቦታ አልጠፋም። አንዱ አፋር ነበር። ክትባቱ በበረዶ ካልተያዘ ይበላሻል፤ የመንግሥት ክትባት ሰጪዎች ደግሞ በበረሃው ውስጥ ከሚዘዋወረው አርብቶ አደር ጋር መገናኘት አልቻሉም። በ1986 ዓ.ም. ገደማ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ፤ አፋሮቹ ከራሳቸው መካከል ሰው መርጠው ሰጡ፤ የተመረጡት ሠልጥነው የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ከብት ከተቡ። ለዓመታት ያልተቻለው በጥቂት ጊዜ ተቻለ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የ«ደስታ» ወረርሽኝ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ከጠፉት በሽታዎች፣ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው የከብት በሽታ ነው።

ክትባቱ የሳይንቲስት ሥራ ነው። ሥራውን የፈጸመው ግን ከከብቱ ጋር የሚውለውና የሚያድረው ሰው መሠልጠኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ከዓለማያ የተነሳው ትምህርት

የዘመናዊው ኤክስቴንሽን ታሪክ የሚጀምረው በ1940ዎቹ ነው። የአሜሪካው የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ እርዳታ ሲጀምር ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ቢያልፍም፣ ሐሳባቸው አልሞተም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የእርሻ ኮሌጅ የሚያቋቁም ስምምነት ተፈረመ። ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሐረርጌ፣ ዓለማያ ተዛወረ። የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

ሐሳቡ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ኮሌጁ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ያገኘውንም ለገበሬው ያደርሳል። የኤክስቴንሽን ሥራ በ1946 ዓ.ም. ገደማ ከኮሌጁ ተነሳ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከአምቦና ከጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች የተመረቁ ወጣቶች በየአውራጃው ተመደቡ። የተሻለ ዘር፣ የተሻለ ዶሮ፣ የቡና አያያዝ እያሳዩ ይዞሩ ነበር። ቁጥራቸው ግን ከአገሪቱ ስፋት አንጻር በጣም ጥቂት ነበር።

ወጣቶቹ ደግሞ ወንዶች ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ የሚያነጋግሩትም የቤቱን ጌታ ነበር። ሥርዓቱ በተቀዳበት በአሜሪካ ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ሲደራጅ ወደ ገበሬ ሚስቶች የሚሄዱ ሴት ባለሙያዎችም ነበሩበት፤ ሥራቸው በአብዛኛው ምግብ ማቆየት፣ ስፌትና የልጅ አስተዳደግ ነበር። ወደ እኛም የመጣው ይኸው ክፍፍል ነው። ለወንዱ እርሻ፣ ለሴቷ «ኑሮ በዘዴ»። ስፌቱም ምግብ አሠራሩም ጠቃሚ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ላሚቱን የምታልበው፣ ጥጃውን የምታሳድገው፣ ዶሮዋን የምታስታቅፈው፣ ለዘር የሚሆነውን እህል ከጎተራ የምትለየው ሴቷ ሆና ሳለ፣ የላሙና የዘሩ ትምህርት ለባሏ ይሰጥ ነበር። እሱ ከስብሰባ ሲመለስ ካስታወሰ ይነግራታል፤ ካላስታወሰ እዚያው ይቀራል።

የአዲስ አበባ ወተት

የእኛ የወተት ላሞች ታሪክም ከዚሁ ዘመን ይነሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ገደማ፣ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ። አንደኛው የመንግሥት የወተት እርባታ በሾላ ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በዩኒሴፍ እርዳታ የወተት ማቀነባበሪያ ተተከለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ መንገዶች ዳር የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። «የሾላ ወተት» የሚለው ስም ከዚያ ጀምሮ በከተማችን ሰው አፍ ላይ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ማዳቀል ነው። በአምቦ መንገድ ባለው የሆለታ የምርምር ማዕከል የሐበሻ ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር ስትዳቀል ምን ያህል እንደምትሰጥ፣ ምን እንደሚስማማት ተጠና። በ1970ዎቹ ደግሞ በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ። የኮርማው ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ በአዳቃይ ባለሙያ በኩል ወደ ላሟ ይደርሳል። ዛሬ በሰፈራችን የምናያቸው ጥቁርና ነጭ ላሞች አብዛኞቹ የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው።

የማዳቀሉ ሥራ ግን የሚወድቀውም የሚነሳውም በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ላሟ ኮርማ የምትፈልግበትን ሰዓት ማወቅ። ባለሙያዎቹ «ድራት» ይሉታል። በየ21 ቀኑ ገደማ ይመጣል፤ ከአንድ ቀን ብዙም አይቆይም፤ ብዙ ጊዜም ምልክቱ የሚታየው ሌሊትና ማለዳ ነው። ላሟ ትጮኻለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ ሌላ ላም ስትወጣባት ትቆማለች፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል አስኳል ዙሪያ ያለ ንጹሕ ዝልግልግ ይወርዳል። ማለዳ የታየባት ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጧት ልትዳቀል ይገባል። ያ ጊዜ ካለፈ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ለሦስት ወር እንዲህ ቢያልፍ፣ ወተት ለማትሰጥ ላም የሦስት ወር መኖ ከኪስ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ላሟን ማለዳና ማታ አጠገቧ ሆኖ የሚያያት ማነው? የምታልበዋ ሴት ናት። ለአዳቃዩ «መጣባት» ብላ መደወል ያለባት እሷ ናት። ምልክቱን ለእሷ ሳያስተምሩ በቃሊቲ የሚቀመጠው ናይትሮጅን ብቻውን ጥጃ አያስወልድም።

መሬት፣ ሕግና ጥቅል

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአርሲ፣ በአሰላ ዙሪያ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጠራሩ «ካዱ»፣ ተቋቋመ። ምርምር፣ የተሻሻለ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ዲቃላ ጊደሮችና የማሳያ ማሳዎች በአንድ ላይ ቀረቡ። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ግን እርሻ ሲያተርፍ ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን ማስነሳት ጀመሩ። ትምህርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የተማረበት መሬት ከእጁ የወጣ ገበሬ ብዙ ነው። ስለዚህ ትምህርት ብቻውን ሁሉንም አይፈታም፤ የሚማረው ሰው በሚሠራበት ነገር ላይ መብት ያስፈልገዋል። ቀጥሎ በ1964 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም ማዳበሪያና ዘርን በመንገድ ዳር ላሉ ብዙ ወረዳዎች ቢያዳርስም፣ የመሬቱ ጥያቄ ግን አልተፈታም።

ጥያቄውን የመለሰው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። አዋጁ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ አንድ ሴቶች ልናውቀው የሚገባ ነገር ይዟል፦ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ይሰጣል ይላል። ቃሉ ግልጽ ነበር። በተግባር ግን በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚሰፍረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ሆነ፤ ባል ያላት ሴት በባሏ ስም ሥር ገባች። ስብሰባም፣ ብድርም፣ ሥልጠናም ተከትሎ የሄደው ያንን መዝገብ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል፣ ኋላም በሌሎች ክልሎች የመሬት ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። ፎቶግራፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን «ገበሬው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የቀየረ ወረቀት ነው።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት የግማሽ ሄክታር ማሳያዎችን በገበሬዎች ማሳ ላይ ጀመረ። ከኋላው በስንዴ ምርምራቸው የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኖርማን ቦርሎግ ነበሩ። መንግሥት ይህን ተቀብሎ በ1987 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፕሮግራም አደረገው። በ1990ዎቹ ደግሞ የግብርና ኮሌጆች በየክልሉ ተከፍተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞች ሠለጠኑ። በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት፣ ከነገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ተመደበ። ኢትዮጵያ ከገበሬው ቁጥር አንጻር ብዙ የልማት ሠራተኛ ካላቸው የዓለም አገሮች አንዷ ሆነች። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። አሁንም ግን ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ከትኩረቱም አብዛኛው በቆሎና ስንዴ ነበር። ወተትና ዶሮ በኋላ ነው የተጨመሩት።

ሁለት ኤክስቴንሽኖች

በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንግሥት፣ ሌላ ኤክስቴንሽን ተጀመረ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደጃችንን ስለሚያንኳኳ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በየቀበሌው ሁለት ሆነው የተመደቡት ወጣቶች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ሴቶች ናቸው፤ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ወደ ከተማም መጡ። ማብራሪያው ቀላል ነበር፦ ልጅ የምትወልደው፣ የምታስከትበው፣ ውኃ የምታፈላው እናት ስለሆነች፣ ትምህርቱም ወደ እሷ፣ በሴት አንደበት፣ በቤቷ ይሂድ የሚል ነው።

ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነቱ ይገርማል። አንዱ «ሥራውን የምትሠራው ማናት?» ብሎ ጠይቆ ተነሳ። ሌላው «የቤቱ ኃላፊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። የጤናው ኤክስቴንሽን እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አጀማመሩ ትክክል ነበር። ወተት ሽያጭም፣ እንቁላል ሽያጭም፣ የጓሮ አትክልትም በዚያ መንገድ ቢጀመር ኖሮ የአባላችን ላም ዛሬ አራት ጡት ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከተማ ውስጥ ገበሬ

እኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የተረሳነው፤ አንዴ ሴት በመሆናችን፣ አንዴ ከተሜ በመሆናችን። የልማት ጣቢያ የገጠር ነገር ነበርና ከተማው ሲሰፋ ጣቢያውም ትምህርቱም አብረው ሸሹ። በቅርብ ዓመታት ይህ እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ የአርሶ አደርና የከተማ ግብርና ልማት መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ወተትን፣ እንቁላልን፣ ዶሮንና ማርን የመንግሥት ዋና ሥራ አድርጓቸዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 8028 ላይ በነጻ ደውሎ የእርሻ ምክር ማዳመጥ ይቻላል።

የከተማ ግብርና የራሱ ጣጣ አለው፤ አያቶቻችን የማያውቁት። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ግቢ ባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በከተማችንና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ እንዳለ አመለከተ። ወሬው ሲሰማ ሰው ወተት መግዛት ፈራ፤ ወተት ሻጮች ተጎዱ። መርዙ ከየት መጣ? በዋናነት ከሻገተ የኑግ ፋጉሎ። ሻጋታው መርዙን በፋጉሎው ላይ ይፈጥራል፤ ላሟ ስትበላው ወደ ወተቷ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። መፍትሔው ለማንም የማይከብድ ነበር፦ ፋጉሎን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ፤ የሻገተውን ርካሽ ነው ብሎ አለመግዛት። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሻጭ ለደንበኛው የሚመልሰው መልስ ነበረው። ያላወቀ ግን በዝምታ ገበያውን አጣ።

በወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለሙ አባሎቻችንም እንዲሁ ነው። ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ እንደሚገባበት የታወቀ ነው። በየትኛው ውኃ ምን መትከል እንደሚሻል፣ ቅጠላ ቅጠል ለምን ከሌላው ይበልጥ አደገኛ እንደሆነ የሚነግር ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ዶሮ የሚያረቡትም ፈንግል ከመግባቱ በፊት ክትባት እንጂ፣ ከገባ በኋላ መድኃኒት እንደማይፈውሰው ያወቁት ብዙዎቹ ዶሮዎቻቸው ካለቁ በኋላ ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

አሁን ወደ ውሳኔው ልመለስ። ደጋፊዎቻችን ለላም መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለተዘዋዋሪ ብድሩ እንደሚጨምሩ ነግረውናል፤ እናመሰግናለን። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከገንዘቡ ከፊሉ ከላሟ በፊት ለትምህርት ይዋል የሚል ነው። ብድር የምትወስድ አባል ላም ከመግዛቷ በፊት ቢያንስ አምስት ነገር በእጇ ሠርታ ታሳይ፦ ድራትን መለየት፤ እጅና ግትን በለብታ ውኃ አጥቦ ለየላሟ በተለየ ጨርቅ ማድረቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ አልቦ የተቋጠረ ነገር መኖሩን ማየት፤ የታመመችውን ላም መጨረሻ ማለብና ሁሉንም አሟጦ ማለብ፤ ፋጉሎና ፉርሽካን ሳይሻግት ማቆየት። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ እንደማይሸጥም ትወቅ።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ለምታልበዋ ይሁን። በስሟ የተበደረች ሴት ሥልጠና ሲጠራ ባሏን ወይም ወንድ ልጇን እንዳትልክ ሰዓቱ ለእሷ ይመች፤ በሁለቱ ማለቢያዎች መካከል፣ እዚሁ ሰፈር፣ ሕፃን ይዞ መምጣት የሚቻልበት ቦታ ይሁን። ሦስተኛ፣ እንደ አፋሮቹ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ሰው መርጠን በደንብ እናሠልጥንና እነሱ ጎረቤት ለጎረቤት ያስተምሩ። ሐኪሙን አይተኩም፤ ግን ሐኪሙ በጊዜ እንዲጠራ ያደርጋሉ።

ይህን ሐሳብ አስቀድሜ ያነጋገርኳቸው አንዳንድ አባላት አልወደዱትም። «ሥልጠና ሆድ አይሞላም፤ ሰው ላም ሲጠብቅ ደብተር ልንሰጠው ነው?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። ወረቀት ፈርመው፣ አበል ተቀብለው፣ ምንም ሳይዙ የሚወጡበት ሥልጠና ብዙ አይተናል። ትምህርት የመኖን ዋጋም አያወርድም፤ ጠባቡን ግቢም አያሰፋም፤ በሽታው ሸተተን የሚል ጎረቤትንም ዝም አያሰኝም። ጭሰኛውን ከመነሳት እንዳላዳነው ከካዱ ታሪክ አይተናል። እኔ የምለው ትምህርቱ ሁሉን ይፈታል ሳይሆን፣ ያለ ትምህርቱ የተገዛች ላም ዕዳ ትሆናለች ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ላም እንደተገዛ ብቻ አትጠይቁን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቷ አሁንም እየታለበች እንደሆነ ጠይቁን። ያኔ እኛም መልሱን ለማግኘት በየበረቱ እንዞራለን፤ መዞሩ ራሱ ኤክስቴንሽን ነው።

ያቺ አባላችን ላሟን አልሸጠችም። በሁለት ጡት የምትሰጠውን እያለበች ብድሯን እየከፈለች ነው። ከስብሰባው በኋላ ወደ ቤቷ ሄጄ ነበር። ከእንስሳት ሐኪሙ የተማረችውን ለማሳየት ጥቁር ጨርቅ አውጥታ የመጀመሪያውን ጠብታ አለበችበት፤ ወተቱ ጥርት ያለ ነበር። ጊደር የገዛችው ጎረቤቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ታይ ነበር። «አንቺ ከእኔ ተማሪ፤ እኔ ከላሟ ነው የተማርኩት፤ ክፍያውም ውድ ነበር» አለቻት።

አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ይላሉ። ለብዙ ዘመን የግብርና ትምህርት ለእኛ ለሴቶች እንዲያ ነበር፤ አለ ሲባል እንሰማለን፣ ወተቱን ግን አናይም። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ስንመጣ ሐሳቡን የምትቀበሉም፣ የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ላም ያላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፦ «ይህን ባውቀው ኖሮ» የምትሉትን። የሥልጠናውን ዝርዝር የምናወጣው ከዚያ ነው።